ቀለሙ ይቆይ፣ መጀመሪያ ወስፌ

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ከተማ ሲሆን ሥራዬ የከባድ መኪና ሹፌርነት ነው። ባለፈው ወር ኦሬገን ውስጥ ከጡረተኛ ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. የ1994 ምርት የሆነ ሞተርሆም፣ ማለትም አልጋ፣ ኩሽናና መጸዳጃ ያለው መኪና፣ በ8,000 ዶላር ገዝቼ ራሴ ነድቼ አመጣሁ። ርዝመቱ 27 ጫማ ነው፤ በፎርድ ኢ-350 ቫን ሻሲ ላይ የተሠራ፣ ከሹፌሩ ራስ በላይ አልጋ ያለው። ሞተሩ እንከን አይወጣለትም። ውስጡ ግን አርጅቷል፦ አበባ የታተመበት ግድግዳ፣ የነተበ ምንጣፍ፣ የጠቆረ የእንጨት ቁም ሣጥን። ባለቤቴ ሁሉም ነገር ነጭ፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ የኩሽናው ጠረጴዛ ግራናይት እንዲሆን ትፈልጋለች። የመመገቢያ ጠረጴዛውን ከነወንበሩ አንሥተን በቦታው ረከቦት እንድናስቀምጥም አስባለች። የ9 እና የ12 ዓመት ልጆች አሉን። በእጄ ያለው 5,000 ዶላርና ትምህርት ቤት እስኪዘጋ የቀረው ሦስት ወር ነው። ሁሉንም አፍርሼ ልጀምር ወይስ ላይ ላዩን ላሳምረው? ቀለሙን ገዝቼ ተቀምጫለሁ።»

ጋሼ ካልከኝ እኔም አንተ ልበልህ። ቀለሙን መልስ አልልህም፤ ክዳኑን ግን እንዳትከፍተው።

በአገራችን አነጋገር «የቤት መኪና» ማለት ሰው ቤተሰቡን ይዞ የሚሄድባት ትንሽ አውቶሞቢል ናት። አንተ የገዛኸው ግን የመኪና ቤት ነው። የቃላት ጨዋታ አይምሰልህ። ቤት ብቻ ነው ብለህ ካሰብከው ሴራሚክና ግራናይት ያምርሃል። መኪና ብቻ ነው ካልክ ደግሞ ሞተሩን ሰምተህ «ጤነኛ ነው» ትላለህ፤ ጣሪያው ላይ አትወጣም። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ሞተሩ አለ፣ ስለ ምንጣፉ አለ፣ ስለ ጣሪያው ግን አንድም ቃል የለበትም።

የሞተርሆም ጣሪያ እንደ ቆርቆሮ ክዳን አንድ ወጥ ሆኖ ውሃውን ወደ ታች የሚሸኝ አይደለም። ጠፍጣፋ ነው፤ በላዩም ብዙ ቀዳዳ አለበት። የአየር ማቀዝቀዣው፣ የመጸዳጃ ክፍሉ ማናፈሻ፣ የፍሪጁ ሙቀት መውጫ፣ የአንቴናው እግር፣ እያንዳንዳቸው የተቀመጡት በተበሳ ጣሪያ ላይ ነው። በዙሪያቸው የተቀባው መድፈኛ ፀሐይ ሲመታው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ውሃውም ፀጉር በምታህል ስንጥቅ ይገባል። ቢንጠባጠብ ታድለሃል፤ ቢያንስ ታየዋለህ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ከኮርኒሱ በላይ ተጉዞ በግድግዳው ውስጥ ይወርድና ወለሉ ጥግ ላይ ይተኛል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው በወንዝ ቢሆንም ለሞተርሆምም ይሠራል።

ግድግዳውን ብትከፍተው ከ4 ሳንቲሜትር የማይበልጥ ስስ የእንጨት አጥንት ታገኛለህ። በመካከሉ ሙቀት መከላከያ አለ፣ ከውጭ ፋይበርግላስ ወይም አሉሚኒየም ለብሷል፣ ከውስጥ ደግሞ 3 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ኮምፔርሳቶ ተለጥፎበታል። ባለቤትህ የጠላችው አበባ የታተመው በዚህች ኮምፔርሳቶ ላይ ነው። አጥንቱ ከበሰበሰ ነጭ ቀለም የምትቀባው ምንም በማይሸከም ነገር ላይ ነው።

እኔ በሙያዬ አናጢ ነኝ፤ ጥፋቱንም የሠራሁት በአናጢ ኩራት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የ1987 ምርት ሞተርሆም ገዛሁ፤ እንደ አንተው ከሹፌሩ በላይ አልጋ ያለው። ሦስት ሳምንት ሙሉ አሸሁ፣ ቀባሁ፣ ወለል አነጠፍኩ። ጎረቤት ጠርተን፣ ቡና አፍልተን አስመረቅነው። በሐምሌ አንድ ሌሊት ዝናብ ሲወርድ አደረ። ጠዋት ከአልጋው በላይ የሻይ ቀለም ያለው፣ ብርጭቆ የሚያህል ክብ አየሁ። በማግስቱ ክቡ ሳህን አከለ። ኮምፔርሳቶውን ስገነጥለው ከኋላው የነበረው ጣውላ በእጄ ላይ እንደ ጭኮ ተፈረፈረ። የሦስት ሳምንት ሥራዬን በሁለት ቀን አፈረስኩት። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ሰው ፊት ስኮራ «የምርቃቱን ነገር ንገራቸው» ትለኛለች።

ያንተ ጉዳይ ደግሞ አንድ ተንኮል አለበት። የኦሬገን ምዕራባዊ ክፍል ዝናባም ነው፤ አውሮራ ግን ደረቅ አገር ነው። ሰዎች የእርጥበት መለኪያ ግዛ ይሉሃል፤ ግዛ፣ ውድ አይደለም። ግን አትመነው። እዚያ የራሰ እንጨት እዚህ ጥቂት ወራት ቢቆም ይደርቃል፤ መለኪያው «ደረቅ ነው» ይልሃል። የበሰበሰ እንጨት ስለደረቀ አይድንም። ስለዚህ እናቶቻችን ሰፌድ የሚሰፉበትን ወስፌ አምጣ። ጤነኛ እንጨት ወስፌን ይመልሳል፤ የሞተ እንጨት እንደ ዳቦ ያስገባዋል። ከሹፌሩ በላይ ያለውን አልጋ ፍራሽ አንሥተህ ጀምር፤ በዚህ ዓይነት ሞተርሆም መጀመሪያ የሚበሰብሰው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ከዚያ ከየመስኮቱ ሥር፣ የሻወሩን ዙሪያ፣ የመግቢያውን ደረጃ፣ የኋላውን ሁለት ጥግ ውጋ። በማይታይ በኩል ውጋ እንጂ የግድግዳውን ፊት አታበላሽ።

ቀጥሎ የአትክልት ውሃ ማጠጫ ጎማ ይዘህ ከውጭ ውሃ አዝንብበት፤ ልጅህ የእጅ ባትሪ ይዞ ከውስጥ ይጠብቅ። ከታች ጀምረህ ወደ ላይ ውጣ፤ አንዱን መስኮት ሳትጨርስ ወደ ሌላው አትለፍ። ከላይ ከጀመርክ ውሃው ሁሉንም ስለሚያዳርስ የትኛው እንደሚያስገባ አታውቅም። ውሃው በግፊት አይሁን፤ ዝናብ እንጂ የእሳት አደጋ መኪና አይደለም የምታስመስለው።

መድፈኛ ስትገዛ ሲሊኮን አትግዛ። በሕንፃ መሣሪያ መደብር መጀመሪያ የሚያጋጥምህ እሱ ነው፤ ርካሽም ነው። ችግሩ አንዴ ከተቀባ በኋላ በላዩ ሌላ ምንም የማይጣበቅ መሆኑ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ስትጠግነው ታለቅሳለህ። ለጣሪያው ራሱን አስተካክሎ የሚተኛ የሞተርሆም መድፈኛ አለ፤ ለመስኮትና ለጠርዝ ብረቶች ደግሞ ከሥር የሚለጠፍ ቡቲል የሚሉት የሚያጣብቅ ለስላሳ ጎማ ጥቅል። ጣሪያህ የጎማ ሽፋን ከሆነ በቤንዚንም ሆነ ከነዳጅ በተሠራ ማጽጃ አትንካው፤ ጎማውን ያሳብጠዋል። እግረ መንገድህን የማናፈሻዎቹን የፕላስቲክ ክዳን ተመልከት፤ የእናንተ አካባቢ በረዶ አንዱንም ሳይሰነጥቅ የሚያልፍ አይመስለኝም።

ከአልጋው ፊት ለፊት መስኮት ካለና የሚያስገባው እሱ ከሆነ ምክሬ አጭር ነው፦ አውጥተህ ድፈነው። በነፋስና በዝናብ ፊት የተቀመጠ፣ ማንም የማያይበት መስኮት ነው። መበስበሱ በአንድ ሁለት ጥግ የተወሰነ ከሆነ ጤነኛው እንጨት እስኪገኝ ቆርጠህ ተካው፤ አባቱ ቤት መጋዝ ያየ ሰው የሚያቅተው ሥራ አይደለም። ወስፌው በዙሪያው ሁሉ፣ ግድግዳው ከወለሉ በሚገናኝበትም ከገባ ግን 5,000 ዶላርህን አትጨምርበት። ሞተሩን ለሚፈልግ ሰው ሽጠው።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልመለስ። አታፍርሰው። ወጣቶች በየቪዲዮው ሞተርሆም አጥንቱ እስኪቀር ሲልጡት አይቻለሁ፤ ያማረ ሥራ የሚሠሩም አሉ። ግን በነዚህ መኪናዎች ብዙ ጊዜ ቁም ሣጥኑ ከግድግዳው ጋር የታሰረው የውጭው ልባስ ከመልበሱ በፊት ነው፤ ብሎኑ የገባው ከውጭ በኩል ስለሆነ ከውስጥ ካቻቪቴ ይዘህ ብትፈልገው አታገኘውም። ከላይ ያሉት ሣጥኖች ደግሞ ግድግዳውንና ጣሪያውን ደግፈው ይይዛሉ። እነሱን አውጥተህ በምትኩ ያማረ ክፍት መደርደሪያ ብታደርግ ከመጀመሪያው ኮረኮንች በኋላ የሚንቋቋ ቤት ይኖርሃል። ሣጥኑ ይቀመጥ፤ በሩን፣ ማጠፊያውን፣ እጀታውን ቀይር። መውጣት ያለበት ምንጣፉ፣ መጋረጃውና ከመስኮቱ በላይ የተለጠፈው በጨርቅ የተሸፈነ ሣንቃ፣ ከፍራሹና ከወንበሩ ስፖንጅ ጋር ነው። ምንጣፉ ከሥሩ በስቴፕለር ሽቦ የተመታ ነው። ፒንሳና ትዕግሥት አዘጋጅ፤ ጉልበትህንም ሸፍን።

ግድግዳው ላይ የታተመውን ወረቀት ለመላጥ አትሞክር፤ ኮምፔርሳቶውን ይዞ ይመጣል። ቅባቱን በጠንካራ ሳሙና እጠብ፣ በስሱ የብርጭቆ ወረቀት አንጸባራቂነቱን ብቻ ግደለው፣ ከዚያ በለስላሳ ነገር ላይ የሚጣበቅ የመጀመሪያ ቀለም ቀባ። የገዛኸው ቀለም ከዚህ በኋላ ይመጣል። የመጀመሪያውን የዘለለ ሰው በጥፍር ሲነካው ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣል። ነጩን በተመለከተ ባለቤትህ ትክክል ናት፤ ጠባብ ክፍል በነጭ ይሰፋል። ከሁለት ልጆች ጋር ግን የታችኛውን ሣጥን ጠቆር ባለ ቀለም ብታደርጉት እኔ በግሌ እመርጣለሁ።

ስለ ሴራሚኩና ስለ ግራናይቱ ለሹፌር ክብደት ማስተማር አይገባኝም፤ ሒሳቡን ብቻ ላስቀምጥልህ። ሴራሚክ ከማጣበቂያው ጋር በአንድ ስኩዌር ጫማ ከ4 እስከ 5 ፓውንድ ይመዝናል፤ 80 ስኩዌር ጫማ ወለል ብታለብስ ከ320 ፓውንድ ጀምር። 3 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ግራናይት በስኩዌር ጫማ 18 ፓውንድ ያህል ነው፤ 12 ስኩዌር ጫማ ብቻ ቢሆን ከ200 ፓውንድ ይበልጣል። ሁለቱ ተደምረው ሦስት ጎልማሳ ተሳፋሪ ጨመርክ ማለት ነው። 40 ጋሎን ውሃ ደግሞ 330 ፓውንድ ገደማ ነው። በዚያ ዘመን ኢ-350 ላይ የተሠሩ ሞተርሆሞች አብዛኛውን ጊዜ የተፈቀደላቸው አጠቃላይ ክብደት ከ10,500 እስከ 11,500 ፓውንድ ነው፤ ያንተ በሹፌሩ በር በኩል ባለው ሰሌዳ ላይ ተጽፏል። ውሃ፣ ነዳጅና ጋዝ ሞልተህ፣ ቤተሰቡን ጭነህ ሁልጊዜ በምትመዘንበት ሚዛን ላይ አቁመውና የቀረህን ተመልከት። ከ1,000 ፓውንድ በታች ቢሆን አትደነቅ። ደግሞም ሴራሚክ የሚወደው የማይንቀሳቀስ መሬት ነው፤ የሞተርሆም ወለል ግን በየጉድጓዱ ይለመጣል፤ የመጀመሪያውን ስንጥቅ ተራራው መንገድ ላይ ታያለህ። ለወለሉ አንድ ወጥ የቪኒል ንጣፍ፣ ለኩሽናው ኮምፔርሳቶ ላይ የተለጠፈ ፎርማይካ በቂ ነው። ግራናይት የሚመስል ፎርማይካ ሞልቷል፤ እንግዳ ካልነካው አያውቅም።

የመመገቢያ ወንበሩን ከማንሣታችሁ በፊት ደግሞ የልጆቹን ቀበቶ አስቡ። ከኋላ ቀበቶ ያለው ብዙ ጊዜ እዚያ ብቻ ነው። ረከቦቱ ሲቆሙ ይዘረጋል፤ ልጆቹ ግን ሲሄዱ የሚታሰሩበት ይፈልጋሉ። ከመኪናው ሥር ገብተህ የቀበቶው ቡሎን ብረት ላይ መታሰሩን አረጋግጥ። እንጨት ላይ ብቻ ከሆነ በብየዳ ባለሙያ አስተካክል፤ ገንዘቡ ከወለሉ ይቀነስ።

ስለ ቡናው ግን በዝምታ አላልፍም። ከሰል ውስጥ አይገባም፤ መስኮት ተከፍቶም፣ ለአንድ ስኒም። ፍሙ ጭስ ባይኖረውም የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ እንዲህ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሰው ተኝቶ እንዳይነሣ ያደርጋል። ጀበናው በጋዝ ምድጃው ላይ ይጣድ፤ ከሰሉና ዕጣኑ ከውጭ ጥላው ሥር ይሁን። ተራራ ላይ በደጅ የሚፈላ ቡና ደግሞ ከውስጡ ይሻላል። የካርቦን ሞኖክሳይድና የጋዝ ማስጠንቀቂያዎቹን ገልብጠህ ቀኑን አንብብ። ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ነው የሚያገለግሉት፤ ያንተዎቹ ከመኪናው ጋር የመጡ ከሆኑ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉ ጌጦች ናቸው። የጋዙ ወደ ወለሉ ተጠግቶ የተሰካው ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ነው፤ ለውበት ብለህ ወደ ላይ አታንሣው። የጋዝ መስመሩንና ማሞቂያውን ለባለሙያ አስመርምር፤ ይህንንም በራስህ አትሥራው።

የኤሌክትሪኩ ነገር ሁለት መስመር አለው፦ ከባትሪ የሚመጣ 12 ቮልት፣ ከውጭ ሲሰካ የሚመጣ 120 ቮልት። በመኪና ጥቁር ሽቦ ኔጌቲቭ ነው፤ በአሜሪካ ቤት ደግሞ ጥቁሩ ነው ሰው የሚገድለው። በሞተርሆም ውስጥ ሁለቱም ጎን ለጎን ስለሚሄዱ በቀለሙ አትፍረድ፤ ነቅለህ፣ ለክተህ ንካ። መብራቶቹን በኤልኢዲ ቀይር፤ የድሮው አምፖል እያንዳንዱ ወደ 18 ዋት ይበላል፣ አዲሱ ሁለት ሦስት ዋት።

ባለቤትህ ምጣድ ይዛ እንደምትመጣ ሳትጽፍልኝም አውቃለሁ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ሞተርሆም የሚሰካው ብዙ ጊዜ በ30 አምፔር ነው፤ ይህም 3,600 ዋት ነው። እዚህ አገር እንጀራ የምንጋግርበት ባለ 120 ቮልት የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 1,500 ዋት ይወስዳል፤ አየር ማቀዝቀዣውም እንዲሁ። ሁለቱ አብረው ይኖራሉ፤ ማይክሮዌቭ ሲጨመር ሁሉም ይጠፋል። ቤትህ ደጅ ላይ በተራው ሶኬት ከሰካኸው ያለህ 1,800 ዋት ብቻ ስለሆነ ወይ እንጀራ ወይ ቅዝቃዜ። ለዚህ ብለህ ባለ 30 አምፔር ሶኬት ልታስተክል ትችላለህ። ያን ጊዜ ኤሌክትሪሻኑን «120 ቮልት ነው» ብለህ አስጽፈው። ለሞተርሆም ሠርቶ የማያውቅ ባለሙያ 30 አምፔር ሲባል የልብስ ማድረቂያ መስሎት 240 ቮልት ያገናኛል፤ ስትሰካው ፍሪጁም ማይክሮዌቩም ባንድ ጊዜ ይቃጠላሉ። የማውቀው ሰው ደርሶበታል።

ፍራሽ ከመግዛትህ በፊት ለካ። የሞተርሆም «ኩዊን» አልጋ ብዙ ጊዜ ርዝመቱ 75 ኢንች እንጂ እንደ ቤቱ 80 አይደለም፤ እኔ የቤቱን ገዝቼ የመጸዳጃው በር አልዘጋ ብሎኛል። ከገንዘብህ መጀመሪያ ለጣሪያው፣ ለስድስቱ ጎማዎችና ለጋዝ ምርመራው ግማሹን ለይተህ አስቀምጥ። ጎማው ላይ የምርቱን ሳምንትና ዓመት ማንበብ ታውቃለህ፤ ጥርሱ አዲስ መሆኑ አያታልልህ፣ ቆሞ ያረጀ ጎማ ነው የሚፈነዳው።

ሦስት ወር ይበቃሃል፤ የመጀመሪያው ወር ግን የሚያምር ነገር አይታይበትም፣ ይህንን ለባለቤትህ ከወዲሁ ንገራት። ቅዳሜ ጠዋት ከሹፌሩ በላይ ያለውን ፍራሽ አንሣ፣ አራቱን ጥግ በወስፌ ውጋ፣ የትኛው ጥግ ምን ያህል እንዳስገባ ወረቀት ላይ አስፍረህ ላክልኝ። ስለ ቀለሙ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።